በነጭ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ማስረዳት፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ሥልጠናዎች ያካበትሁት ልምድ

የምተዳደረው ለቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት ስለ ሒሳብ አያያዝና ስለ ብድር ሥልጠና በመስጠት ነው። ሥራዬ የሚበዛው በአዲስ አበባ ዳርቻ ሲሆን፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ ነዋሪው ኮሚናል በሚላቸው የጋራ መገልገያ ሕንፃዎች፣ አንዳንዴም በዕድር አዳራሾች አሠለጥናለሁ። ከፊቴ የሚቀመጡት ጡረተኞች፣ የጉሊት ነጋዴዎች፣ እንጀራ ጋግረው የሚያከፋፍሉ እናቶች፣ ሾፌሮች፣ መምህራንና የግንባታ ሠራተኞች ናቸው። ዲግሪ ያለውና ፊደል ያልቆጠረው በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም የሚበደሩት ከአንድ ሣጥን ስለሆነ፣ ሁለቱም የወለዱን ስሌት እኩል ተረድተው ወደ ቤታቸው መሄድ አለባቸው። ለዚህ ዓይነቱ ጉባኤ ከነጭ ሰሌዳ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። እንዴት እንደምጠቀምበት በዝርዝር የምጽፈውም በየሰፈሩ ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠሩ አሠልጣኞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የማኅበር ሒሳብ ሹሞችና የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢዎች ይጠቅማል ብዬ ነው።

ብዙ ሰው ነጭ ሰሌዳን የሚያስታውሰው ፕሮጀክተር ሲታጣ ወይም መብራት ሲጠፋ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት የከተማ ዳር ይህ ጥቅሙ ቀላል አይደለም፤ እኔ ግን መብራት ባይጠፋም ሰሌዳውን እመርጣለሁ። ስላይድ ሲከፈት ሙሉው ሠንጠረዥ በአንድ ጊዜ ፊት ለፊት ይደቀናል፤ ማንበብ የለመደው ሰው ቀድሞ ይጨርሳል፣ ያልለመደው ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። በሰሌዳ ላይ ግን ቁጥሩ የሚመጣው በተራው ነው፤ የሁሉም ዓይን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ላይ ያርፋል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለረጅም ዘመን ያስተማሩትና እ.ኤ.አ. በ2019 ያረፉት ፕሮፌሰር ፓትሪክ ዊንስተን ስለ አነጋገር በየዓመቱ በሚሰጡት ትምህርት ይህንኑ ያነሡ ነበር፤ ሰው በሰሌዳ ላይ የሚጽፍበት ፍጥነት አድማጭ ሐሳቡን ከሚቀበልበት ፍጥነት ጋር እንደሚቀራረብ ያስረዱ ነበር። ሎጋን ፊዮሬላና ሪቻርድ ማየር የተባሉ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ መምህሩ እየተናገረ ሥዕሉን ሲሥል የተመለከቱ ተማሪዎች፣ አስቀድሞ ተሥሎ ያለቀውን ሥዕል እያዩ ከሰሙት የተሻለ መረዳታቸውን አሳይተዋል። ይህን ጥቅም የምናገኘው ግን በሰሌዳው ላይ ምን፣ የት፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፍ አስቀድመን ከወሰንን ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሥልጠናው በፊት በነበረው ምሽት ሰሌዳውን በወረቀት ላይ እሠራዋለሁ። የማዘወትረው ሰሌዳ ቁመቱ 120፣ ወርዱ 240 ሴንቲሜትር ነው፤ በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ 12 በ24 ሴንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሳሰምር እያንዳንዱ የወረቀቴ ሴንቲሜትር የሰሌዳውን 10 ሴንቲሜትር ይወክላል። ይህን መለኪያ መጠበቁ ትልቅ ጥቅም አለው። በሰሌዳው ላይ 6 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ፊደል በወረቀቱ ላይ 6 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በዚህ መጠን ስጽፍ ምን ያህል ትንሽ ነገር ብቻ እንደሚበቃው ወዲያውኑ ይታየኛል። በመስመሮች መካከል 4 ሴንቲሜትር ክፍተት ሲተው ሰሌዳው 12 መስመር ይይዛል። ይሁን እንጂ ወንበሮቹ በአንድ ደልዳላ ወለል ላይ ስለሚደረደሩ የሰሌዳው የታችኛው ሲሶ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ከፊተኞቹ ራስ በስተጀርባ ይሸፈናል። የሚቀሩት ስምንት መስመሮች ናቸው። ለሁለት ሰዓት ሥልጠና ስምንት መስመር ብቻ እንዳለው ያወቀ ሰው፣ የትኛው ቃል ሊጻፍ እንደሚገባና የትኛው በአፍ ብቻ መነገር እንዳለበት ለመምረጥ ይገደዳል፤ የዝግጅቱ ትልቁ ሥራም ይህ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ።

በወረቀቱ ላይ የምሥለው ሰሌዳው ሥልጠናው ሲያልቅ የሚኖረውን መልክ ነው። የጃፓን የአንደኛ ደረጃ መምህራን የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳይጠፋ በአንድ ሰሌዳ ላይ እንዲታይ አድርገው የማቀድ ልማድ አላቸው፤ እኔም የምከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። ዘግይቶ የገባ ሰው ሰሌዳውን ከግራ ወደ ቀኝ አይቶ የት እንደደረስን መረዳት መቻል አለበት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሚደረግ ስብሰባ ደግሞ ዘግይቶ የሚገባ ሰው አይጠፋም።

ሰሌዳውን በሦስት እከፍለዋለሁ። በግራ በኩል 40 ሴንቲሜትር ያህል ጠባብ ዓምድ አሰምርና የዕለቱን ርዕሶች በአንድ በአንድ ቃል እጽፋለሁ፦ ቁጠባ፣ ብድር፣ ወለድ፣ ዋስ። አንዱ ሲያልቅ ከጎኑ ምልክት አደርጋለሁ፤ ሰዎች ምን ያህል እንደቀረ ሲያውቁ ትዕግሥታቸው ይጨምራል። በቀኝ በኩል ያለው ተመሳሳይ ዓምድ የጥያቄ ቦታ ነው። መሐል ላይ ያለው ሰፊው ክፍል የሥራ ሜዳ ነው። የቀኙን ዓምድ ባዶውን መተው መጀመሪያ ላይ ቦታ ማባከን ይመስላል፤ ይሁንና ስለ ዋስ ስናገር አንድ ሰው ስለ ሟች አባል ዕዳ ቢጠይቅ፣ ጥያቄውን በሁለት ቃል እዚያ አስፍሬ «እንመለስበታለን» ስለው እንደማልረሳው በዓይኑ ያያል። በቃል ብቻ «ቆይ በኋላ» የተባለ ሰው ግን ጥያቄውን በሆዱ ይዞ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚባለውንም አይሰማም።

መሐለኛውን ክፍል እንዴት እንደምጠቀምበት በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ከሁሉም በላይ የሚያከራክረን ጉዳይ ወለድ በመነሻው ብድር ላይ ሲታሰብና በቀሪው ዕዳ ላይ ሲታሰብ ያለው ልዩነት ነው። ከላይኛው መስመር ላይ «60,000 ብር፣ በዓመት 12 በመቶ፣ 12 ወር» ብዬ እጽፍና ዙሪያውን በሣጥን እከብበዋለሁ፤ ይህ መስመር እስከ መጨረሻው አይነካም። ከሥሩ መሐለኛውን ክፍል በአንድ ቁልቁል መስመር ለሁለት እከፍለዋለሁ። በግራው ወለዱ በመነሻው ብድር ላይ ሲታሰብ የሚሆነውን እሠራለሁ፦ የ60,000 ብር 12 በመቶ 7,200 ብር ነው፣ ድምሩ 67,200 ይሆናል፣ ለ12 ወር ሲካፈል በየወሩ 5,600 ብር ይከፈላል። ሦስት መስመር በቃው።

በቀኙ ግማሽ አራት ራስጌዎች ያሉት ሠንጠረዥ እጀምራለሁ፦ ወር፣ ዕዳ፣ ወለድ፣ ክፍያ። እዚህ ላይ ቁጥሮቹ የሚጻፉበት ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ዓምዱን ቁልቁል የሚሞላ ሰው ጊዜ ይቆጥብ ይሆናል፤ ተመልካቹ ግን አንዱ ቁጥር ከሌላው እንዴት እንደተወለደ ሳያይ ይቀራል። እኔ የምሞላው አግድም ነው። በመጀመሪያው ወር ዕዳው 60,000 ነው፤ የወሩ ወለድ ከመቶ አንድ ስለሆነ 600 ብር ነው፤ ከዋናው ብድር 5,000 ሲመለስ የወሩ ክፍያ 5,600 ይሆናል። በዚህ ጊዜ በአዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ይነሣል፤ በግራ በኩልም 5,600፣ በቀኝ በኩልም 5,600 ተጽፎአልና። «ታዲያ ምኑ ነው ልዩነቱ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ጥያቄ እኔ ልጠይቀው እችል ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱ ቁጥሮች ትይዩ መስመር ላይ እንዲውሉ አድርጌ በወረቀቴ ላይ ያቀድሁት ጥያቄው ከተቀመጡት ሰዎች እንዲመጣ ነው። ሰው ራሱ ላነሣው ጥያቄ መልስ የሚጠብቅበት ትኩረት ሌላ ነው።

ሁለተኛውን ረድፍ ብቻዬን አልሞላውም። በቅርብ ወደተቀመጡት እናት ዞር እልና «እማማ፣ አምስት ሺህ ከፍለዋል እንበል፤ ስንት ዕዳ ቀረብዎት?» እላለሁ። «ሃምሳ አምስት ሺህ» ይላሉ። 55,000 እጽፋለሁ። «እንግዲህ ወለዱ ከየትኛው ላይ ይታሰብ?» ስል «ከቀረብኝ ላይ ነዋ! የከፈልሁትን ደግሞ ምን ብዬ?» የሚል መልስ ይመጣል። 550 እጽፋለሁ፣ ክፍያው 5,550። ሦስተኛው ረድፍ 50,000፣ 500፣ 5,500 ሲሆን አካሄዱን ሁሉም ይዞታል፤ ከዚህ በኋላ የቀሩትን ወራት መጻፍ ትዕግሥት ማስጨረስ ነው። ነጥብ ነጥብ አድርጌ ወደ 12ኛው ወር እዘልላለሁ፦ ዕዳው 5,000፣ ወለዱ 50፣ ክፍያው 5,050።

ድምሩን ለማግኘት የቀሩኝን ሁለት መስመሮች ሠንጠረዡን ከመጀመሬ በፊት ከታች ባዶ ትቻቸዋለሁ። በላይኛው መስመር የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ወለድ እደረድራለሁ፦ 600፣ 550፣ 500፣ 450፣ 400፣ 350። በታችኛው መስመር የቀሩትን ስድስት ከመጨረሻው ጀምሬ በየሥራቸው አስቀምጣለሁ፦ 50፣ 100፣ 150፣ 200፣ 250፣ 300። ላይና ታቹ ሲደመር እያንዳንዱ ጥንድ 650 ነው፤ ስድስት ጊዜ 650 ደግሞ 3,900 ብር። በግራ በኩል ያለው 7,200 ገና አልጠፋም። ሁለቱን ቁጥሮች ከብቤ በአንድ መስመር ሳገናኛቸው ልዩነቱ 3,300 ብር መሆኑን ሰዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ይህ ሁሉ በስምንት መስመር ያልቃል፤ ምንም ሳይደመሰስ።

ስለ ፊደል መጠን ሲነሣ፣ ምልክት ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የታወቀ መለኪያ አለ፦ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲሜትር ቁመት። የመጨረሻው ወንበር 6 ሜትር ከራቀ 5 ሴንቲሜትር፣ 9 ሜትር ከራቀ 7.5 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ለአማርኛ ፊደል ይህን እንደ ዝቅተኛው ወለል ነው የምወስደው፤ ምክንያቱም የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በትንንሽ ቅጥያ ነው። ሱ እና ሲ፣ ቡ እና ቢ፣ ሪ እና ሬ የሚለያዩት በአንዲት አጭር ጭረት ወይም ቀለበት ነው፤ ጫፉ በወፈረ ማርከር በትንሹ ከተጻፉ ቅጥያው ከአካሉ ጋር ይዋሃድና ከሩቅ ላለ ሰው ሁሉም አንድ ይሆኑበታል። ስለዚህ ፊደሉን ከማወፈር ይልቅ ማተለቅ፣ ቅጥያውንም ሆን ብሎ ረዘም አድርጎ ማውጣት ይሻላል። በቃላት መካከል የአንድ ሙሉ ፊደል ያህል ክፍተት መተው ያስፈልጋል። ቁጥር 1 እና 7 እርስ በርሳቸው እንዳይምታቱ ማድረግና በሺህ ቤት ላይ ያለውን ጭረት በጉልህ መጻፍ ገንዘብ በሚነገርበት ቦታ ግዴታ ነው፤ 5,600 እና 5,060 የተምታቱበት ሰው ሒሳቡን ሳይሆን አሠልጣኙን መጠራጠር ይጀምራል።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው፣ አንድን ቃል ጎላ ማድረግ ስፈልግ ከሥሩ አሰምራለሁ ወይም በሣጥን እከበዋለሁ። ጽሑፉን በሙሉ በጥቁር ወይም በሰማያዊ እጽፋለሁ፤ ቀይና አረንጓዴ ከሩቅ ይደበዝዛሉ። ቀይን ለአንድ ነገር ብቻ አስቀምጠዋለሁ፤ በእኔ ሥልጠና ቀይ የሚጻፈው ወለድ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ በየጉባኤው ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ በቀይ የጻፍሁትን ከሥሩ አሰምርበታለሁ።

አቋቋምም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰው በተመልካቹ ግራ በኩል፣ ከሰሌዳው ጠርዝ አጠገብ ቆሞ ክንዱን ወደ ቀኝ ቢዘረጋ የሚጽፈው ነገር በአካሉ አይሸፈንም። መስመሩ እየረዘመ ሲሄድ ግን አብሮ መራመድ ይመጣል፤ ሲራመድም የጻፈውን ይሸፍናል። መሐለኛውን ክፍል ለሁለት የምከፍለው ለዚህም ጭምር ነው፦ አጭር መስመር ሳልንቀሳቀስ ያልቅልኛል። ጽፌ ስጨርስ አንድ እርምጃ ወደ ጎን እወጣለሁ፣ ፊቴን ወደ ሰዎቹ እመልሳለሁ፣ ሁሉም እስኪያነብ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እናገራለሁ። ስጠቁም የምጠቀመው ለሰሌዳው በሚቀርበው እጄ ነው፤ በሩቁ እጅ የሚጠቁም ሰው ሳያስበው ጀርባውን ለግማሹ ጉባኤ ይሰጣል።

ጀርባን ሰጥቶ የሚነገር ነገር ለግድግዳው ነው የሚነገረው። የጋራ መኖሪያ ሰፈር አዳራሾች ወለላቸው ሲሚንቶ፣ ግድግዳቸው ባዶ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል፤ ከውጭም የልጆች ጨዋታና የሎንቺና ሞተር ይሰማል። ወደ ግድግዳ የተነገረ ቃል በዚህ ሁሉ መሐል ወደ ኋላኛው ወንበር አይደርስም። ቁጥር በምጽፍበት ጊዜ በጎን ቆሜ ቁጥሩን ድምፄን ከፍ አድርጌ እጠራዋለሁ፤ ማብራሪያ ግን ፊቴን ሳልመልስ አልጀምርም። በጽሕፈቱ ጊዜ የሚፈጠረውን ዝምታ ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ በወሬም ሊሞላው ይሞክራል። እኔ ግን ያን ዝምታ እጠብቀዋለሁ። አንዱ ያነብባል፣ አንዱ በደብተሩ ይገለብጣል፣ ሌላው በጣቱ ይቆጥራል፤ ለሦስቱም ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።

ማንበብ ስለማይችሉ ተሳታፊዎች በተለይ መናገር እፈልጋለሁ፤ ይህ ጉዳይ ከልቤ ነው። በሰሌዳ ላይ የጻፍሁትን ሁሉ ሳላነብበው አላልፍም፤ አንድም ቃል ቢሆን። ማንንም ሰው ሳላዘጋጀው «ና ጻፍ» ብዬ ወደ ሰሌዳው አልጠራም። ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው በተቀመጡበት ማርከር ይዘው መቅረታቸው ለአንዲት እናት ወይም ለአንድ አባት ከባድ ኀፍረት ነው፤ በሚቀጥለው እሑድም አይመጡም። በምትኩ እነርሱ ይናገሩ፣ እኔ ጸሐፊያቸው እሆናለሁ። የተናገሩትንም በራሳቸው ቃል እጽፋለሁ። አንድ አባት «ዋስ ሆኜ ብድሩ ቢቀር በሬዬን ይነዱብኛል ወይ?» ቢሉ፣ «የዋስ ኃላፊነት» ብዬ ወደ ቢሮ ቋንቋ አልመልሰውም፤ «በሬዬን ይነዳሉ?» ብዬ በጥያቄው ዓምድ ላይ አሰፍረዋለሁ። ጋሼም ቃላቸው በሰሌዳ ላይ መዋሉን ያያሉ፣ ሌላውም ጥያቄውን በደንብ ያውቀዋል፣ ምክንያቱም የራሱም ጥያቄ ነበር። ቁጥር የማያነብቡ ሰዎች እንኳ የዕዳውን መቀነስ በሥዕል ይከተሉታል፦ ከወር ወደ ወር እያጠሩ የሚሄዱ ዘንጎችን ጎን ለጎን ሥሎ ከእያንዳንዱ ጫፍ ትንሽ ቀይ ቁራጭ መጨመር በቂ ነው።

በከተማው ዳርቻ ከአማርኛ ይልቅ አፋን ኦሮሞ የሚቀልላቸው ብዙ ናቸው። ሁለት ሦስት ዋና ዋና ቃላትን ከተሳታፊዎች አንዱ እየነገረኝ በቁቤ ከአማርኛው ጎን እጽፋለሁ። ቁጥሩ የሁላችንም አንድ ስለሆነ ስሌቱን ሁለቴ መጻፍ አያስፈልግም፤ ይህም ቢሆን የሰሌዳውን ቦታ በወረቀት ላይ ሲታቀድ አስቀድሞ መመደብ አለበት።

ብርሃንን በተመለከተ፣ የነጭ ሰሌዳ ገጽ ያንጸባርቃል። ከመስኮት ትይዩ ከተቀመጠ በአንድ ማዕዘን ላይ ለተቀመጡት ሰዎች ግማሹ ሰሌዳ ነጭ ጸዳል ብቻ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ደግሞ ጠዋት ደህና የነበረው ሰሌዳ አይነበብም። ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ቃል ጽፌ በመጀመሪያው ረድፍ በሁለቱም ዳር፣ ከዚያም በመጨረሻው ረድፍ በሁለቱም ዳር ተቀምጬ አነባለሁ። ጸዳል ካለ የሰሌዳውን አናት በትንሹ ወደ ፊት ማዘንበል፣ ወይም ሰሌዳውን መስኮቱ በጎኑ እንዲውል አድርጎ ማዞር አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል። መብራት ሲጠፋም መፍትሔው ይኸው ነው፤ ከጎን የሚገባ የመስኮት ብርሃን ለሰሌዳ የተመቸ ነው።

ስለ ዕቃው ጥቂት ነገሮች ልጨምር። አዲስ ሰሌዳ ሲገዛ ገጹ በስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ሊመጣ ይችላል፤ ሳይላጥ ከተጻፈበት ቀለሙ በደንብ አይጠፋም። ርካሹ ሜላሚን ገጽ ያለው ሰሌዳ ቀለም እየጠጣ ቶሎ ይደበዝዛል፤ በብረት ላይ የተጋገረ የሸክላ ልባጥ ያለው ዋጋው ቢከብድም ለዓመታት ያገለግላል። የነጭ ሰሌዳ ማርከር ቀለሙ ከገጹ ጋር እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ቅባትነት ያለው ንጥረ ነገር ስላለው ነው በደረቅ ጨርቅ የሚጠፋው። በማይጠፋ ማርከር በስህተት የተጻፈ ነገር ካለ፣ በላዩ ላይ በነጭ ሰሌዳ ማርከር ደጋግሞ ቀብቶ ሳይደርቅ መጥረግ ነው፤ የማርከሩ ፈሳሽ የታችኛውን ቀለም ያሟሟዋል። ካልሆነ ለእጅ ማጽጃ የምንገዛው አልኮል ይሠራል። ማርከሮችን በአግድም አስተኝቶ ማስቀመጥ ቀለሙ ወደ አንድ ጫፍ እንዳይወርድ ይረዳል። እዚህ ዳር ላይ ያለው የግንባታ አቧራ በየቀኑ በሰሌዳው ላይ ስለሚያርፍ፣ ከመጻፍ በፊት በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ የማርከሩን ጫፍ ከመበላሸት ያድናል። የደከመ ማርከር ሲያጋጥም ወደ ቦርሳ መመለስ ሳይሆን እዚያው መጣል ነው፤ ያለበለዚያ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና እጅ ላይ ይገባል።

ሥልጠናው ሲያበቃ ለማጥፋት አልቸኩልም። ሰዎቹ ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ ሰሌዳው ይቀርባሉ፤ አንዳንዱ በጉባኤ ፊት ያልደፈረውን ቁጥር በጣቱ ነክቶ ይጠይቃል፤ የቀኙን ዓምድ ጥያቄዎችም አንድ በአንድ መልሰን እንደሆነ አብረን እንቆጥራለን። ሞባይል የያዙት ፎቶ ያነሣሉ። ፎቶ ሲነሣ በትክክል ፊት ለፊት ቆሞ ብልጭታውን ከማብራት ይልቅ ትንሽ ወደ ጎን ብሎ ያለ ብልጭታ ማንሣት ይሻላል፤ ብልጭታው በሰሌዳው መሐል ላይ ነጭ ቦታ ይፈጥርና በጣም የሚፈለገውን ቁጥር ይሸፍናል። ፎቶውን የማኅበሩ ጸሐፊ በአባላቱ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ያስገባዋል። ስማርት ስልክ ለሌላቸው ደግሞ የወረቀቱን ዕቅድ፣ በዕለቱ ከተለወጡት ነገሮች ጋር አስተካክዬ፣ ለማኅበሩ ቢሮ እተውላቸዋለሁ፤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍና ያልመጡት አባላት ቁጠባ ሊያስገቡ ሲመጡ ያዩታል፣ ሒሳብ ሹሟም ከ60,000 ብሩ ጀምራ ረድፉን እየተከተለች ታስረዳቸዋለች።